ቁልፉን ከመረከባችሁ በፊት፦ ስለ ፈቃድና ስለ አዲስ ቤት ለጠየቃችሁኝ

በግንባታ ቁጥጥር 16 ዓመት ሠርቻለሁ። ፕላን ስመረምርና ሳይት ስወጣ ነው የኖርኩት። አዲስ ቤት ስለመግዛት ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ብዙ ጥያቄ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ አልሚው (ቤት ሠርቶ የሚሸጠው ድርጅት) "ፈቃድ አለን" ብሎ ማህተም ያለበት ወረቀት አሳየኝ። ይበቃል?

አይበቃም፣ ወንድሜ። መሬቱ ለመኖሪያ እንዲውል የሚፈቅደው ወረቀት አንድ ነው። ሕንፃው እንዲሠራ የሚፈቅደው ሌላ ነው። ሰው እንዲገባበት የሚፈቅደው፣ የመጠቀሚያ ፈቃድ የሚባለው፣ ደግሞ ሦስተኛ ነው። ለገዢ ብዙ ጊዜ የሚታየው መካከለኛው ብቻ ነው።

ከፈቃዱ ኋላ ደግሞ አባሪ አለ። መንገዱ ይህን ያህል ይሰፋል፣ የጎርፍ መውረጃው በዚህ በኩል ይወጣል፣ ይሄ ቦታ ለልጆች መጫወቻ ይቀራል የሚሉት ግዴታዎች ያሉት እዚያ ነው። ማህተሙ የፊተኛው ገጽ ላይ ነው፤ ኑሯችሁን የሚወስነው ግን አባሪው ነው። ከነአባሪው ኮፒ ውሰድ። ከዚያ ፈቃዱን ወደሰጠው መሥሪያ ቤት ሄደህ ከፋይሉ ጋር አስተያየው። ፕላኑ መሃል ላይ ተቀይሮ ከሆነ የምታውቀው እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ከገባን ሦስት ዓመታችን ነው። ፕላኑ ላይ አረንጓዴ ቦታ የነበረው የመኪና ማቆሚያ ሆኗል፤ የውስጥ መንገዱም አልተሠራም። ለማን አቤት እንበል?

እህቴ፣ በጣም የሚያንገበግበኝ ጥያቄ ይሄ ነው። አልሚው ግዴታውን የገባው ለፈቃድ ሰጪው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ፈቃድ ሰጪው እንዲያስፈጽም በጽሑፍ ጠይቁ። የፕላኑን ኮፒና ፎቶ አያይዙ፣ ደብዳቤውን መዝገብ ቤት አስገብታችሁ ቁጥር ተቀበሉ። ሁላችሁም በአንድ ፋይል ግቡ፤ አንድ አባወራ ብቻውን ሲመላለስ ይሰለቻል።

ቀኑን በጣም ተጠንቀቁበት። በብዙ አገር የማስፈጸም ሥልጣን ጊዜ ያልፍበታል። እንግሊዝ ውስጥ ያለፈቃድ በተሠራ ግንባታ ላይ እርምጃ የሚወሰድበት ጊዜ 4 ዓመት ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2024 ወዲህ ለሚፈጸም ጥሰት 10 ዓመት ሆኗል። ጊዜው ካለፈ ጥሰቱ እንደ ሕጋዊ ይቆጠራል። አረንጓዴው ቦታ በሽያጭ ውላችሁ ውስጥ ተጽፎ ከሆነ ደግሞ አልሚውን በውሉ መጠየቅ ትችላላችሁ። ያ ራሱን የቻለ ሌላ መንገድ ነው።

ጥያቄ፦ ባለሥልጣኑ ለምን ቀድሞ አያስቆማቸውም?

ማስቆም ይችላል። ግን ጉልበት የሚኖረው ቤቱ ውስጥ ሰው ከመግባቱ በፊት ነው። አንድ ሳይት ላይ ቤቶቹ ቀለም ተቀብተው አልቀዋል፣ መስታወት ሳይቀር ተወልውሏል። የማንሆል ክዳን አስነሳሁ። ውስጡ ደረቅ ነበር፤ ቱቦው አጥሩ ጋ ደርሶ ተቆርጧል፣ ከዋናው መስመር ጋር አልተገናኘም። የመጠቀሚያ ፈቃዱን አልፈርምም አልኩ። በዘጠኝ ቀን ውስጥ ተቆፍሮ ተገናኘ። ሌላ ቦታ ላይ ግን "ሰዎቹ ኪራይ እየከፈሉ ተቸግረዋል፣ ቀሪውን ይጨርሳል" ተብሎ ተፈረመ። ከፈረሙት አንዱ እኔ ነበርኩ። እዚያ መንገድ ሲዘንብ አሁንም ጭቃ ነው። ያ ፊርማ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይሄ ነው። ቤቱ ተሸጦ ካለቀ በኋላ ቅጣት ቢጻፍ አልሚው ሌላ ሳይት ላይ ነው። መፍትሔው ከሥራው በፊት የባንክ ዋስትና ማስያዝ ነው። መንገዱ ካልተሠራ ፈቃድ ሰጪው በዚያ ገንዘብ ያሠራዋል። ልትገዙበት ያሰባችሁት ሳይት ላይ እንዲህ ያለ ዋስትና ተይዞ እንደሆነ ጠይቁ። ዋስትናው የሚያበቃበትን ቀንም እዩ።

ጥያቄ፦ ገና መሠረት ሳይወጣ ግማሹን ክፈል ተባልኩ። ምን ይሻለኛል?

አትክፈል። ክፍያ የሥራውን ደረጃ ተከትሎ ነው መሄድ ያለበት። የፈረንሳይ ሕግ በፕላን ለሚሸጥ ቤት ልኩን አስቀምጦታል፦ መሠረቱ ሲያልቅ እስከ 35 በመቶ፣ ጣሪያው ተሠርቶ ቤቱ ውኃ የማያስገባ ሲሆን እስከ 70፣ ሥራው ሲያልቅ እስከ 95። የመጨረሻው 5 በመቶ ለርክክብ ይቀራል፤ ጉድለት ካለ ገዢው ለአልሚው ሳይከፍል ሊያስይዘው ይችላል። ሕንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ሕግ አልሚው ከገዢዎች ከሚሰበስበው 70 በመቶውን ለዚያው ፕሮጀክት ብቻ በተለየ ሂሳብ እንዲያስቀምጥ ታስገድዳለች። ከዚያ የሚያወጣውም በተሠራው ልክ፣ ባለሙያ ሲያረጋግጥ ነው። የአገርህ ሕግ ይሄን ባያስገድድም ውልህ ላይ ማስጻፍ ትችላለህ። እንቢ ካሉህ ገንዘብህ ለሌላ ሳይት ሊሄድ እንደሚችል ጠርጥር።

ጥያቄ፦ የርክክብ ቀን ምን ልይ?

ሜትርና ባልዲ ይዛችሁ ሂዱ። ሻወር ቤትና በረንዳ ላይ ውኃ ድፉ፣ ቆማችሁም ተመልከቱ። ውኃው ወደ ማፍሰሻው ሳይሆን ወደ በሩ ከሄደ ስሎፑ (የወለሉ ተዳፋት) ተበላሽቷል፤ በኋላ ለማስተካከል ሴራሚኩ መነሳቱ ነው። ቧንቧዎቹን ሁሉ አንድ ላይ ክፈቱና ግፊቱን እዩ። ከቤቱ እስከ አጥር ያለውን ለኩና ከፕላኑ ጋር አነጻጽሩ። ያገኛችሁትን ጉድለት የርክክቡ ሰነድ ላይ ሳታስጽፉ አትፈርሙ። "እናስተካክላለን" የሚል የቃል ተስፋ ብቻ አትቀበሉ።

ጥያቄ፦ ከተረከብን በኋላ ለሚወጣ ጉድለት ዋስትናው ስንት ዓመት ነው?

እንደ አገሩ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ የቤቱን ጥንካሬ ለሚነካ ጉዳት 10 ዓመት ነው፤ በሕንዱ ሕግ 5 ዓመት። የቀለምና የበር እጀታ ዓይነቱ በፈረንሳይ አጭር ነው። ስንጥቅ ስታዩ ከጎኑ ሳንቲም አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ፣ በየወሩም ድገሙት። እየሰፋ መሄዱን የሚያሳይላችሁ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ የመጠቀሚያ ፈቃዱ ሳይወጣ "ግቡ" ተባልን፣ ጋሼ። እንግባ?

አትግቡ፣ ልጄ። ከገባችሁ እንደተረከባችሁ ሊቆጠርባችሁ ይችላል፤ አልሚውም የሚያስቸኩለው ነገር አይኖርም። ፈቃዱ ለምን እንደዘገየ በጽሑፍ ጠይቁ። ብዙውን ጊዜ መልሱ አንድ ያልተሠራ ነገር ነው። እሱ እስኪሠራ የመጨረሻውን ክፍያ ያዙ።