መልስ፦ 20 ሜጋቢት ላይ ፖሊሲንግ አድርገን ለምን 12 ብቻ እናገኛለን?

ሰላም ወንድሜ። ወደ ቅርንጫፋችን የሚወስደው መስመር በሰከንድ 20 ሜጋቢት ነው፣ ስዊቹ (የኔትወርክ ማገናኛው) ላይ በ20 ፖሊሲንግ (የፍጥነት ገደብ) አድርጌያለሁ፣ ፋይል ስንልክ ግን ከ12 አያልፍም ብለሃል። መስመሩን ከመጠርጠርህ በፊት በርስቱን፣ ማለትም ፖሊሲንጉ በአንዴ እንዲያልፍ የሚፈቅደውን የዳታ መጠን፣ እይ።

ፖሊሲንግ ወረፋ የለውም። ከገደቡ ያለፈውን ፓኬት (የዳታ ቁራጭ) እዚያው ይጥለዋል። ፖርትህ ደግሞ 1 ጊጋቢት ስለሆነ ሰርቨሩ ዳታውን በአንዴ ያጎርፈዋል። ፓኬት ሲጠፋ ቲሲፒ (ዳታው የሚላክበት ፕሮቶኮል) ፍጥነቱን በአንዴ ይቀንሳል፣ ቀስ እያለ ይጨምራል፣ እንደገና ይጣልበታል። አማካዩ ከ20 በታች የሚወርደው ለዚህ ነው። በርስቱ ትንሽ ከሆነ ደግሞ ይብስበታል። የተለመደው የ1.5 ሰከንድ ስሌት (ፍጥነቱ በ1.5 ተባዝቶ፣ ወደ ባይት ለመቀየር ለ8 ተካፍሎ) ለ20 ሜጋቢት 3,750,000 ባይት በርስት ይሰጥሃል።

እኔ ግን በሚወጣው ፖርት ላይ ሼፒንግ ብታደርግ እመርጣለሁ። ሼፒንግ ትርፉን ከመጣል ይልቅ በፈር (ጊዜያዊ ማቆያ) ውስጥ ይዞ ቀስ አድርጎ ይለቀዋል። 19 ላይ አድርገው፤ የመስመር አቅራቢዎች ብዙ ጊዜ በሸጡልህ ልክ ፖሊሲንግ ስለሚያደርጉ ትንሽ ዝቅ ማለቱ ይጠቅማል። በዚሁ መስመር የስልክ ጥሪ የሚያልፍ ከሆነ ለድምፅ የቅድሚያ ወረፋ መስጠት እንዳትረሳ፤ አለዚያ ከፋይሉ ኋላ ተሰልፎ ይቆራረጣል።

ለሚገባው ትራፊክ አብዛኞቹ ስዊቾች ሼፒንግ ስለማይችሉ እዚያ ፖሊሲንጉ እንዳለ ይቆይ። ከቀየርክ በኋላ የድሮፕ (የተጣሉ ፓኬቶች) ቆጣሪውን አይተህ ጻፍልን።