መጀመሪያ ሰውየውን ይቁረጡ

ጥያቄ፦ «ልጄ አድጎ የተወውን፣ 80 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም የጠፈር መንኮራኩር መጫወቻ እውነተኛ የሚመስል ሞዴል ላደርገው ተነሣሁ። አካሉን ግራጫ ቀለም ረጨሁት፤ ከተበላሸ ፕሪንተር የፈታኋቸውን ጥርሳም ጎማዎችና ቁርጥራጮችም በየቦታው ለጠፍሁበት። ውጤቱ ግን ግራጫ መጫወቻ ሆነ። ይባስ ብሎ ቀለሙ ክንፎቹና የሞተሩ አፍ ላይ በጥፍር ሲነካ ይላጣል። በውስጡ መብራትና የተኩስ ድምፅ የሚያሰማ መሣሪያም አለው፤ ላውጣው ወይስ ልተወው?»

መልስ፦ ከሚላጠው ቀለም እንድጀምርልዎት እንደሚፈልጉ ይገባኛል። አልጀምርም፤ ቀለሙ እንደ ብረት ቢይዝ እንኳ ዕቃው መጫወቻ መምሰሉን አይተውም ነበርና። መጫወቻ የሚያስመስለው ቀለሙ ሳይሆን መጠኑ ነው። ከጠቅላላው ርዝመቱ ይልቅ በላዩ ያሉት ነገሮች እርስ በርሳቸው ያላቸው መጠን ነው ችግሩ። በሩ ለአንድ ሰው፣ መስኮቱ ለሌላ ሰው፣ ስንጥቁ ደግሞ ለማንም ተብሎ የተሠራ አይደለም። ዓይን ይህን ሳይነግሩት ያውቃል።

ስለዚህ ቢላውንም ቀለሙንም አስቀምጡና ከወፍራም ወረቀት 24 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ሰው ይቁረጡ። ይህ ሰው በ1 ለ72 መስፈርት፣ ማለትም የሞዴሉ አንድ ሴንቲ ሜትር በእውነተኛው 72 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ 1 ሜትር ከ73 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጎልማሳ ነው። በማጣበቂያ ጭቃ ወይም በፕላስተር አድርገው በሩ አጠገብ ያቁሙት፤ ከዚያ ክንፉ ሥር፣ ከዚያ መስኮቱ ዘንድ። የእርስዎ 80 ሴንቲ ሜትር በዚህ መስፈርት 57 ሜትር ከ60 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም መንኮራኩር ይሆናል። የናሳው ስፔስ ሸትል 37 ሜትር ገደማ ስለነበር፣ የእርስዎ ከእሱ አንድ ተኩል ጊዜ ይበልጣል ማለት ነው። እኔ ሥራ በጀመርሁ ቁጥር ይህን የወረቀት ሰው እቆርጣለሁ፤ ሥራው እስኪያልቅም ከጠረጴዛዬ አይጠፋም። አንዴ ከተጠረገው ቆሻሻ ጋር አብሮ ተጣለብኝና ሦስት ቀን የሠራሁት መሰላል ለሕፃን እንኳ የማይበቃ ሆኖ አገኘሁት።

አሁን ሰውየውን ከአብራሪው ክፍል አጠገብ ያቁሙት። እዚያ ነው ውሸቱ የሚጋለጠው። እንዲህ ዓይነት ትልልቅ መጫወቻዎች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት አሥር ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ አሻንጉሊት እንዲቀመጥባቸው ነው። የአብራሪው ክፍል በግምት 1 ለ18 ሆኖ ሲሠራ የቀረው አካል በልጅ እጅ ሊያዝ በሚችል መጠን ተጨፍልቋል። ምርጫዎ ሁለት ነው። አንደኛው የአብራሪውን ክፍል ትቶ ሁሉንም ለእሱ ማስተካከል ነው። ያኔ መንኮራኩሩ 14 ሜትር ከ40 ብቻ ይሆናል፤ የጦር ጄት ያህል። ሁለተኛው ክፍሉን ደፍኖ በ1 ለ72 መሄድ ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። በ1 ለ18 እያንዳንዱ ማጠፊያ፣ የወንበር ቀበቶ፣ የብሎን ራስ መታየት አለበት፤ 80 ሴንቲ ሜትር ሙሉ እንዲያ መሥራት ዕድሜ ይጨርሳል። በ1 ለ72 ግን ዓይን ብዙ ነገር ራሱ ይሞላል።

ከወሰኑ፣ ትልቁን የመስተዋት ክዳን ከውስጥ በፕላስቲክ ሉህ ይደግፉትና በስቱኮ ይድፈኑት። ከዚያ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር የሚሰፉ ጠባብ መስኮቶችን ይክፈቱ። ይህ ብቻውን፣ ምንም ሳይቀቡ፣ መንኮራኩሩን በአንድ ቀን ያሳድገዋል።

ቀጥሎ ስንጥቆቹ። በመጫወቻው ገላ ላይ ያሉትን የሰሌዳ መጋጠሚያ መስመሮች ይለኩ፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ሚሊ ሜትር ይሰፋሉ። በ72 ሲባዛ ሰባት ሴንቲ ሜትር ከሁለት ሚሊ ሜትር ነው። የሰው እጅ የሚገባበት ክፍተት ያለው መንኮራኩር አየር አይዝም! የብሎን ቀዳዳዎችና የድምፅ ማጉያው ወንፊትም እንዲሁ ናቸው። ሁሉንም ይድፈኑ። ለጥልቅ ቀዳዳ ሁለት ክፍል ያለው የኢፖክሲ ጭቃ ይሻላል፤ አይኮማተርም። የመኪና ስቱኮ ለሰፊው ገጽ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ስስ ፕላስቲክ ላይ በአንድ ጊዜ ወፍራም አድርገው ከጫኑት ሲደርቅ ስለሚሞቅና በውስጡ ያለው ስታይሪን የሚባል ፈሳሽ ፕላስቲኩን ስለሚያለሰልስ ገላው ይጣመማል። በስሱ፣ ደጋግመው። ለትንንሽ ስንጥቅ ሱፐር ግሉ አፍስሰው የመጋገሪያ ሶዳ ይነስንሱበት፤ ወዲያው ድንጋይ ይሆናል። ጊዜ ሳይሰጡ በዚያው ሰዓት ይሞርዱት፤ ካደረ ከዙሪያው ፕላስቲክ ይጠነክርና ጉብታ ሆኖ ይቀራል።

ሲሞርዱ የብርጭቆ ወረቀቱን በውኃ እያራሱ ከቁጥር 240 ወደ 400፣ ከዚያ ወደ 600 ይሂዱ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይልማል። ውኃው ብናኙን ይይዛል፤ ቢሆንም አፍንጫዎን ይሸፍኑ።

ገላው ልሙጥ ሲሆን አዲሱን መስመር ይጭራሉ። ይህ ሥራ እጅ የሚማርበት ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው። የልብስ ስፌት መርፌ ጫፉ ብቻ እንዲወጣ አድርገው በእንጨት እጀታ ላይ ይትከሉ። መስመሩ በሚሄድበት ቦታ የሚተጣጠፍ የብረት ማስመሪያ ወይም ሦስት አራት ድርብ ፕላስተር ይለጥፉ። በመጀመሪያው ጉዞ አይጫኑ፤ የእጀታው ክብደት ብቻ ይበቃል። መርፌው መንገዱን ከማወቁ በፊት የተጫኑት እንደሆነ ያመልጥና ገላውን ይቧጭራል። ወደ ራስዎ ይሳቡት እንጂ አይግፉት። አምስት ስድስት ጊዜ ከሄደ በኋላ እንደ ፀጉር የቀጠነ ፕላስቲክ እየተጠቀለለ ሲወጣ ያያሉ፤ በቃ ማለት ያኔ ነው። በግራና በቀኝ የቀረውን ከንፈር በ600 ወረቀት አንዴ ይዳስሱት። ያመለጠውን ጭረት በጠብታ ሱፐር ግሉ ደፍነው እንደገና ይጀምሩ፤ እኔም እስከ ዛሬ ያመልጠኛል።

እንዲህ የተጫረ መስመር 0.2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በ72 ሲባዛ 14 ሚሊ ሜትር። እውነቱን ለመናገር ይህም ሰፊ ነው። ግን ዓይን መስመሩን ማየት ይፈልጋል፤ እዚህ ላይ ለዓይን ትንሽ መዋሸት ይፈቀዳል። መስመሮቹንም በእኩል ርቀት እንደ ደብተር አያስምሯቸው። የሚከፈት ነገር ባለበት፣ ሞተርና የነዳጅ ጋን ባለበት ይቀራረቡ፤ በሰፊው ክንፍ ላይ ይራራቁ።

አሁን ከፕሪንተሩ ወዳመጧቸው ጥርሶች። ይንቀሏቸው። ጥፋቱ መለጠፍዎ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለሲኒማ የጠፈር መርከቦችን የሠሩ ባለሙያዎችም የታንክ፣ የአውሮፕላንና የጦር መርከብ ሞዴሎችን እየፈቱ ይለጥፉ ነበር። ጥፋቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጥርሳም ጎማ ጥርሳም ጎማ ነው፤ ያየ ሁሉ ይለየዋል። የሚታወቅ ነገር ግማሹ ተቆርጦ፣ ተገልብጦ ወይም ሌላ ነገር ተደርቦበት ካልሆነ አይለጠፍም። ሁለተኛ፣ በየቦታው በትነዋቸዋል። ዝርዝር የሚያምረው ባዶ ገጽ አጠገቡ ሲኖር ነው። ቧንቧዎችና ሣጥኖች ከሽፋን ሥር በሚሆኑበት ቦታ፣ ማለትም በሞተሩ ዙሪያ፣ በሆዱ ቦይና በክንፉ መጋጠሚያ ይሰብስቧቸው። ሁለት ሦስተኛውን ገላ ባዶ ይተዉት። ባዶው ያስፈራል፣ አውቃለሁ። ይተዉት።

አንድ ነገር ከመለጠፍዎ በፊት «ይህ ምን ይሠራል?» ይበሉ። ቧንቧ ከሆነ ከየት ተነሥቶ የት ይደርሳል? መልሱን ከእርስዎ በቀር ማንም አያውቀው፤ ግን መልስ ያለው ቧንቧና መልስ የሌለው ቧንቧ አቀማመጣቸው ይለያያል። ከሣጥን ወጥቶ ገላው ውስጥ የሚገባ ስስ የመዳብ ሽቦ ከአሥር ጥርስ ይበልጣል። ለስስ ሰሌዳ የእርጎ ኩባያ ፕላስቲክ ይጠቀሙ፤ ሥሩ ላይ ቁጥር 6 ካለ ፖሊስታይሪን ነው፣ በቀላሉ ይቆረጣል፣ ይጣበቃል። ያረጀ የባንክ ካርድ ግን ውፍረቱ 0.76 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በ1 ለ72 አምስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል። ለድጋፍ እንጂ ለገላ ቆዳ አይሆንም።

እንግዲህ ወደ ልጣጩ። ክንፉና የሞተሩ አፍ ላይ ብቻ መላጡ ራሱ መልሱን ይነግረናል፦ እነዚያ ክፍሎች ከሌላ ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው። አምራቾች ገላውን ኤቢኤስ ከሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ሲወድቅ እንዳይሰበርና ልጅ እንዳይጎዳ የሚፈለገውን ጫፍ ደግሞ ከሚተጣጠፍ ፖሊፕሮፒሊን ወይም ፖሊኢትሊን ያደርጉታል። ክፍሉን ፈትተው ከውስጥ በኩል የተጻፈ ምልክት ይፈልጉ። ከሌለ፣ የማይታይ ቦታ ላይ ትንሽ ቁራጭ ቆርጠው ሳሙና ጠብ ያለበት ውኃ ውስጥ ይክተቱት። ኤቢኤስ ይሰምጣል፤ ፖሊፕሮፒሊንና ፖሊኢትሊን ይንሳፈፋሉ። የተንሳፈፈውን ምንም ቀለም በወጉ አይዘውም። ለመኪና መከላከያ ፕላስቲክ የሚሸጠውን የማያያዣ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚረጭ መሠረት) በስሱ ከረጩ ፖሊፕሮፒሊኑ ቀለም ይይዛል። ፖሊኢትሊን ከሆነ ግን አይድከሙ፤ ቅርጹን ወስደው ከሌላ ፕላስቲክ አዲስ ይሥሩለት።

የቀረውንም ገላ ቢሆን ሳያጥቡ ቀብተውት እንደሆነ እጠረጥራለሁ። ከፋብሪካው ቅርጽ ማውጫ የተረፈ ቅባትና የዓመታት የልጅ እጅ ወዝ አለበት። ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ በጥርስ ብሩሽ እየፈተጉ ይጠቡት፤ ከዚያ ወዲያ በባዶ እጅ አይንኩት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ከዚያ ግራጫ ፕራይመር ይርጩና በጨለማ ክፍል ውስጥ አንድ መብራት ከጎን በኩል ያብሩበት። የደፈኑት ቀዳዳ ሁሉ ጠባሳው ይታያል። ይናደዳሉ፣ ይሞርዳሉ፣ እንደገና ይረጫሉ። እኔ ከሦስት ዙር በታች አልፌ አላውቅም።

በቀለም ላይ ሁለት ነገር ብቻ ልበል። የመጀመሪያው፣ ንጹሕ ነጭና ንጹሕ ጥቁር አይጠቀሙ፤ ነጩን በጥቂት ግራጫ፣ ጥቁሩንም እንዲሁ ይስበሩት። ስፔስ ሸትልን በቅርብ የተነሡ ፎቶግራፎች ይመልከቱ፦ ወደ 24,000 ከሚጠጉት የሙቀት መከላከያ ሸክላዎቹ መካከል አዲስ የተተኩት ጠቁረው፣ ብዙ ጊዜ የበረሩት ገርጥተው ይታያሉ። በሆዱ ያሉት ሸክላዎች አብዛኞቹ 15 ሴንቲ ሜትር በ15 ሴንቲ ሜትር ናቸው፤ በእርስዎ መስፈርት ሁለት ሚሊ ሜትር መሆናቸው ነው። ስለዚህ ከሰሌዳዎቹ አንዳንዱን በፕላስተር ከልለው በጣም በጥቂቱ ያጥቁሩት ወይም ያንጡት። ልዩነቱ ለራስዎ በግልጽ ከታየዎት በዝቷል።

ሁለተኛው እርጅና ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቡናማ ዝገት በየመስመሩ ያፈስሳል። መንኮራኩር የሚሠራባቸው አልሙኒየምና ቲታኒየም ቀይ ዝገት አያወጡም፤ ጠፈር ላይም ዝናብ የለም። የሚያቆሽሸው የሞተር እሳት፣ ወደ ከባቢ አየር ሲመለስ ከፊት ወደ ኋላ የሚልሰው ሙቀትና መሬት ላይ የሚንከባከቡት ሠራተኞች እጅ ነው። ጥቀርሻው ከሞተሩ አፍ ይጀምር፤ ጥቁር ጠመኔ ፈጭተው በደረቅ ብሩሽ ያሹት። ለመስመሮቹ የዘይት ቀለም በአኳራጅ (በቀለም ማቅጠኛው) በጣም አቅጥነው ያስገቡ። ነገር ግን አስቀድመው በአክሪሊክ ቫርኒሽ ይሸፍኑት። አኳራጅ ራቁቱን በቀረ ኤቢኤስ ላይ፣ በተለይ ብሎን ጠብቆ በሚይዝበት ቦታ፣ ሲሰርግ ፕላስቲኩ በራሱ ይሰነጠቃል። አንድ ክንፍ በእጄ ላይ ቀጭ ብሎልኛል።

መጨረሻ ላይ የሚያብለጨልጨውን ሁሉ በማት ቫርኒሽ ይግደሉት፤ መስኮቶቹን ብቻ ይተዉ።

የተኩስ ድምፁን ያውጡ። መብራቱንም እንዳለ አይተዉት፤ ሁልጊዜ በጣም ትልቅና በጣም ቀይ ነው። የባትሪ ቤቱን ነጭ ዱቄት ከያዘው በኮምጣጤ ጠርገው ያድርቁትና በዘጠኝ ቮልት ባትሪ አዲስ ኤልኢዲ ይግጠሙ። ለአንድ ባለ ሦስት ቮልት ነጭ ኤልኢዲ 330 ኦም ሬዚስተር ይበቃል። ገላውን ከውስጥ መጀመሪያ ጥቁር፣ በላዩ ነጭ ይቀቡት፤ አለዚያ ብርሃኑ በፕላስቲኩ አልፎ መንኮራኩሩን ፋኖስ ያደርገዋል። በየቦታው በመርፌ ቀዳዳ የሚያክሉ የብርሃን ነጠብጣቦች እንዳይነዙ አደራ። ግማሽ ሚሊ ሜትር ነጠብጣብ በ1 ለ72 ከአራት ሴንቲ ሜትር ያነሰ መስኮት ነው፤ የወረቀቱ ሰውዬ አንድ ዓይኑን ብቻ ነው የሚያሾልቅበት።