ያንኑ ዛፍ ስንት ጊዜ ይለካሉ?

ጥያቄ፦ እህቴ የደን ተመራማሪ ናት። ከዓመታት በፊት የለካቻቸውን ዛፎች በየጊዜው እየተመለሰች ትለካለች። አንድ ቀን አብሬያት ሄድኩ። ደኑ ያው ነው፤ ትልልቁ ዛፍ እንዳለ አለ። ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው? (ግራ የገባኝ ወንድም)

መልስ፦ እኔም በዚሁ ሥራ ላይ ነው ዕድሜዬን ያሳለፍኩት፤ ጥያቄዎን ስንቴ እንደሰማሁት! ሰው ደን ሲገባ ቀና ብሎ ነው የሚያየው። የደኑ ነገ ያለው ግን ከጉልበትዎ በታች ነው።

እስቲ ከግንዱ ልጀምር። ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍ ብሎ የግንዱ ዙሪያ ይለካል። ቁጥር ያለባት ትንሽ ቆርቆሮ በሚስማር ትመታበታለች። ሜትሩ ያረፈበት ቦታ በቀለም ይሰመራል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሁለት ጣት ዝቅ ካሉ፣ ያላደገው ዛፍ ያደገ ይመስላል። ወቅቱም አንድ ቢሆን ይመረጣል። ግንድ በደረቅ ወቅት ውኃ ሲያጣ በጥቂቱ ይኮማተራል። ሚስማሩ ደግሞ እስከ አንገቱ አይመታም፤ ለዛፉ ማደጊያ ይተውለታል። ጀማሪ ሳለሁ ይህን አላውቅም ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ስመለስ አንዷን ቆርቆሮ ቅርፊቱ ግማሽ ድረስ ውጧታል። በቢላ ጫፍ እየፈለቀቅኩ 7 ይሁን 1 ለመለየት የለፋሁት ልፋት እስካሁን አይረሳኝም።

ከሁሉም የምወደው ግን ቡቃያ መቁጠር ነው። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነች ቦታ በገመድ ይከልሉና ተንበርክከው አንድ በአንድ ይቆጥራሉ። ከእናቱ ዛፍ ሥር ቡቃያው እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ ያገኙታል። ሲመለሱ ብዙ ጊዜ አልቆ ይጠብቅዎታል። የሥነ ምህዳር ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ጃንዘን እ.ኤ.አ. በ1970፣ ጆሴፍ ኮኔል በ1971 ለዚህ ምክንያት አቅርበዋል፦ ያንን ዝርያ ለይተው የሚያጠቁ ተባዮችና በሽታዎች እናቲቱ ዙሪያ ይበዛሉ። ራቅ ብሎ የወደቀው ዘር የመትረፍ ዕድሉ ይሰፋል። እንግዲህ ፍሬ በልቶ ዘሩን ራቅ አድርጎ የሚጥለው ወፍ ሲጠፋ ምን እንደሚከተል ያስቡት።

ሌላው ችግኝ ደግሞ ተራ ጠባቂ ነው። ጥላ ውስጥ እምብዛም ሳያድግ ዓመታት ይቆያል። ከጉልበትዎ የማያልፈው ያ ቀጭን ችግኝ የሃያ ዓመት ሊሆን ይችላል። ከላዩ ያለው ትልቅ ዛፍ ተገንድሶ ብርሃን ሲገባለት ሽቅብ ይመዘዛል። ያንን በአንድ ጉብኝት ማን ያገኘዋል?

ፓናማ ውስጥ ባሮ ኮሎራዶ በተባለ ደሴት ላይ ለጥናት የተከለለ 50 ሄክታር ደን አለ። ተመራማሪዎቹ ስቲቨን ሃበልና ሮቢን ፎስተር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ እዚያ ውስጥ አንድ ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ውፍረት ያለውን ዛፍ ሁሉ አስቆጠሩ። ከ200 ሺህ በላይ ነበር። ከዚያ ከ1985 ጀምሮ በየአምስት ዓመቱ እንደገና ይቆጠር ጀመር። በ1983 ኤል ኒኞ ያመጣው ከባድ ድርቅ ደረሰ። ከሩቅ ለሚያየው ደኑ አሁንም አረንጓዴ ነው። ቆጠራው ግን ብዙ ዛፍ መሞቱን፣ እርጥበት የሚወዱት ዝርያዎችም እየተመናመኑ መሄዳቸውን አወጣ። የመጀመሪያው ቁጥር ባይኖር ኖሮ ይህንን ማን ያውቅ ነበር?

እኔ ሆዴ የሚባባው ግዙፍ ዛፍ ሞልቶበት ከሥሩ አንድ ችግኝ የሌለበት ደን ሳይ ነው። ልጅ የሌለበት ቤት ሆኖ ይታየኛል። ሰው ግን “እንዴት ያምራል!” እያለ ፎቶ ይነሣበታል።

በሚቀጥለው ሲሄዱ ደብተሩን እርስዎ ይያዙላት። እሷ ቁጥር ትጥራ፣ እርስዎ ደግመው እየጠሩ ይጻፉ፤ ስህተት የሚቀንሰው እንደዚያ ነው። በእርሳስ ይሁን፤ እስክሪብቶ ዝናብ ሲነካው ይለቃል። ደግሞ እግርዎን ከማሳረፍዎ በፊት “እዚህ ልርገጥ?” ብለው ይጠይቋት።