የልጆችን እድገት ለምትከታተሉ ወጣት ሐኪሞች

የተከበራችሁ ወጣት የሙያ ባልደረቦቼ፣

የልጆችን የሆርሞን ሕክምና ለመማር ስትመጡ የብዙዎቻችሁ ልብ ወደ ደም ምርመራው፣ ወደ ራጁና ወደ ኤም.አር.አይ. ሲሳብ አያለሁ። እኔ ግን ከሁሉ አስቀድማችሁ ቁመት መለካትን በሚገባ እንድትማሩ አጥብቄ እመክራችኋለሁ።

ልጁ ጫማውን አውልቆ ተረከዙን፣ መቀመጫውንና ትከሻውን ከመለኪያው ያስጠጋ፤ አናት ላይ የተቋጠረ ጸጉር ይፈታ፤ የዓይኑ የታችኛው ጠርዝና የጆሮው ቀዳዳ በአንድ አግድም መስመር ላይ ይሁኑ። ደጋግማችሁ ለክታችሁ አማካዩን መዝግቡ። ከ2 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ተኝቶ የሚለካ ሲሆን፣ ተኝቶ የተወሰደው ልኬት ቆሞ ከሚወሰደው በ0.7 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚበልጥ፣ ከአንዱ አለካክ ወደ ሌላው በሚሻገርበት ጊዜ ይህን ያላስተዋለ ሐኪም የልጁ እድገት የቆመ ይመስለዋል። ይህን ያህል የምጨነቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ከ4 ዓመት እስከ ጉርምስና ድረስ አንድ ልጅ በዓመት የሚያድገው ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በስድስት ወር ልዩነት በተወሰዱ ሁለት ልኬቶች መካከል የ1 ሳንቲ ሜትር ስሕተት ከገባ ጤነኛው በሽተኛ፣ በሽተኛውም ጤነኛ መስሎ ይታያል።

አንድ ልኬት ብቻውን ብዙ አይናገርም። ወላጆቹ አጫጭር የሆኑና በእድገት ሰንጠረዡ ላይ የራሱን መስመር ይዞ የሚጓዝ አጭር ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከእኩዮቹ ጋር በቁመት ተመጣጥኖ ቆይቶ መስመሩን እየለቀቀ ወደ ታች የሚወርደው ልጅ ነው፤ በተለይ ራስ ምታት፣ የዕይታ መድከም ወይም ከወትሮው የበዛ ውኃ ጥም ከተጨመረበት የእድገት ሆርሞን በሚያመነጨው፣ ከአንጎል ሥር በሚገኘው ፒቱታሪ ዕጢ አካባቢ እባጭ ሊኖር ስለሚችል ቀጠሮ አታርዝሙበት። ክብደቱ እየጨመረ ቁመቱ የሚቆም ልጅም እንዲሁ ነው። ከመጠን በላይ በመመገብ ብቻ የወፈረ ልጅ ብዙ ጊዜ ከእኩዮቹ ይረዝማል እንጂ አያጥርም፤ ስለዚህ ውፍረትና የቁመት ማጠር አንድ ላይ ሲመጡ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስን ወይም ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን መብዛትን መርምሩ፣ ልጁ የሚወስደው፣ እንደ ኮርቲሶል የሚሠራ የስቴሮይድ መድኃኒት እንዳለም ጠይቁ። ያለ በቂ ምክንያት ያጠረች ልጃገረድ ደግሞ ውጫዊ ምልክት ባይታይባትም የክሮሞዞም ምርመራ ታድርግ። ከኤክስ ክሮሞዞሞቿ አንዱ ሲጎድል ወይም ጉድለት ሲኖርበት የሚመጣው ተርነር ሲንድሮም ከ2,000 እስከ 2,500 ከሚሆኑ ሴት ልጆች በአንዷ ላይ የሚታይ በመሆኑ ብርቅ የሚባል አይደለም፤ ከቁመት አልፎ ልብንና ኩላሊትን ስለሚነካም በጊዜ መታወቁ ትልቅ ጥቅም አለው።

የእድገት ሆርሞን መርፌን በተመለከተ ታሪኩን እወቁ። እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ድረስ ይህ ሆርሞን የሚወጣው ከሞቱ ሰዎች ፒቱታሪ ዕጢ ነበር፤ በዚያ ዓመት ሆርሞኑን በልጅነታቸው ከወሰዱ ሰዎች አንዳንዶቹ ክሮይትስፌልት ያኮብ በሚባለው ገዳይ የአንጎል በሽታ መሞታቸው ታውቆ አጠቃቀሙ ቆመ፣ በቤተ ሙከራ የሚመረተውም ተተካ። የዛሬው መድኃኒት ከዚያ አደጋ ነፃ ነው፤ ቢሆንም ለዓመታት፣ ብዙ ጊዜም በየምሽቱ የሚወጋ መርፌ ስለሆነ፣ ወላጅ ስለጓጓ ብቻ ለጤነኛ ልጅ ሊታዘዝ አይገባም ብዬ አምናለሁ።

ልጁንም ራሱን አነጋግሩት። ቁመቱ የ9 ዓመት ልጅ የሚመስለው የ14 ዓመት ወጣት ጥያቄ በቀረበለት ቁጥር ወደ እናቱ ዞር ብሎ የሚያይ ከሆነ፣ ሰው ሁሉ በቁመቱ ልክ ሲያናግረው መኖሩን አስቡ። እናንተ በዕድሜው ልክ አናግሩት፤ ትምህርት ቤት ማን እንደሚያስቸግረው ጠይቁት። የግራ እጁን ራጅ ብርሃን ላይ አድርጋችሁ በአጥንቶቹ ጫፍ ያለውን ክፍተት አሳዩት፤ ክፍት ከሆነ አሁንም የሚያድግበት ጊዜ እንዳለው፣ ጉርምስናው የዘገየበት ብቻ ከሆነም ብዙዎች እንደ እሱ ዘግይተው እንደሚያድጉ አስረዱት። ክፍተቱ ተዘግቶ ከሆነ ደግሞ ከዚያ በኋላ መርፌ ቁመት እንደማይጨምርለት ለወላጆቹ ብቻ ለይታችሁ ሳይሆን ለእሱ ራሱ ንገሩት፤ የሚጠይቃችሁን ሁሉ ጠይቆ እስኪጨርስም አትነሡ።