ጥያቄና መልስ፦ በመንኮራኩር ውስጥ ጨረር እንዴት ይለካል?

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ ሆስፒታል ውስጥ የጨረር ደኅንነት ነው። የጨረር መለኪያ ባጅ ደረቴ ላይ አድርጌ ነው የምውለው። የኅዋውን ጉዳይ ማንበብ የጀመርኩትም ከዚያች ባጅ ተነስቼ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው። አንድ አደራ፦ ሁለቱን የጨረር መለኪያ አሃዶች፣ ግሬይና ሲቨርትን፣ አትቀላቅሉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የጠፈርተኞቹ ባጅ ከእርስዎ ይለያል?

መልስ፦ ዘሩ አንድ ነው። በባጇ ውስጥ ያለችው ክሪስታል የጨረሩን ጉልበት አምቃ ትይዛለች። ስትሞቅ በብርሃን መልክ ትለቀዋለች። ብርሃኑ ሲለካ መጠኑ ይታወቃል። የእኛ ባጅ ተሰብስቦ ላቦራቶሪ ይሄዳል። ኅዋ ላይ ግን ፀሐይ ዛሬ ብትቆጣና ድንገት ብዙ ጨረር ብትረጭ፣ ውጤቱን ምድር እስክትመለስ ትጠብቃለህ? መፍትሔውን ያመጡት ሃንጋሪዎች ናቸው። ቡዳፔስት ውስጥ «ፒሌ» የሚባል መሣሪያ ሠሩ። ማንበቢያው አብሮ ይወጣል፤ እዚያው ይነበባል። በ1980 ሃንጋሪያዊው ጠፈርተኛ በርታላን ፋርካሽ የሶቪየቶች የጠፈር ጣቢያ በሆነችው ሳልዩት 6 ላይ ተጠቀመበት። በ1984 ደግሞ አሜሪካዊቷ ጠፈርተኛ ሳሊ ራይድ ቻሌንጀር በተባለው የአሜሪካ መንኮራኩር ይዛው ወጣች። በቀዝቃዛው ጦርነት መሃል አንድ መሣሪያ ሁለቱንም ወገን አገለገለ! ይህን ባነበብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። በኋላም ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ገብቷል።

ጥያቄ፦ ጨረሩ ከባድ ነው?

መልስ፦ የት? ለስንት ቀን? እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ጣቢያው ላይ በቀን ስንት ነው?

መልስ፦ ግማሽ ሚሊሲቨርት (ሚሊሲቨርት የሲቨርት ሺኛ ነው) ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ ከፍ ይላል። ምድር ላይ ከተፈጥሮ የምናገኘው በአማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ነው።

አንድ አባል፦ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች እኛም ከባሕር ጠረፍ ሰው የበለጠ እናገኛለን።

ሌላ አባል፦ ምን ነካህ! ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። የምድር መግነጢስ እዚህ ነው አጥብቆ የሚከላከለው።

የመጀመሪያው፦ ከፍታውስ የት ሄደ?

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ከፍታው ይጨምራል፣ መግነጢሱ ይቀንሳል። አሁን ወደ መንኮራኩሩ እንመለስ።

ጥያቄ፦ አንዷ ክሪስታል ለምን አትበቃም?

መልስ፦ ጎበዝ፣ ዋናው ይኼ ነው። እንደ ብረት ያለ ከባድ አቶም እምብርቱ በፍጥነት ሲያልፍባት ክሪስታሏ አሳንሳ ነው የምትቆጥረው። ስለዚህ አጠገቧ ፕላስቲክ ይቀመጣል፤ የመነጽር ሌንስ ከሚሠራበት ዓይነት። ቅንጣቱ ፕላስቲኩ ላይ ጠባሳ ይተዋል። በኮስቲክ ሶዳ ሲታጠብ ጠባሳው ይሰፋና በማይክሮስኮፕ ይቆጠራል። ሁለቱ ተደምረው ነው እውነቱ የሚገኘው። ግሬይ የሚነግርህ ሰውነት የተቀበለውን ጉልበት ነው። ሲቨርት ግን ያ ጉልበት በምን ዓይነት ጨረር እንደመጣ አይቶ ጉዳቱን ይመዝናል። አንድ ግሬይ ከኤክስሬይ እና አንድ ግሬይ ከከባድ ቅንጣት እኩል አይጎዱም። ለዚህ ነው አትቀላቅሉ የምለው።

ጥያቄ፦ በቀን ስንት ግሬይ ነው ያሉት?

መልስ፦ ግሬይ አላልኩም። እባክህ ከላይ አንብብ።

ጥያቄ፦ መለኪያውን የትም ቢያስቀምጡት ለውጥ አለው?

መልስ፦ በጣም አለው! የአሜሪካው መንኮራኩር አርጤምስ 1 በ2022 ሰው ሳይጭን ጨረቃን ዞሮ ሲመለስ፣ ሄልጋና ዞሃር የሚባሉ ሁለት የሴት አካል ቅርጾች ተሳፍረው ነበር። በውስጣቸው በሺዎች የሚቆጠሩ መለኪያዎች ተሰግስገዋል። ዞሃር እስራኤል ውስጥ የተሠራ መከላከያ ሰደርያ ለብሳለች፤ ሄልጋ አልለበሰችም። የመንኮራኩሩ ግድግዳም ራሱ ለውጥ ያመጣል። መንኮራኩሩ የፕሮቶን ቀበቶውን፣ ማለትም የምድር መግነጢስ ፕሮቶን የሚባሉ ቅንጣቶችን አጥምዶ የያዘበትን ምድርን የከበበ ቀጠና፣ ሲያቋርጥ 90 ዲግሪ ዞረ። በዚያች መዞር ብቻ የጨረሩ መጠን በግማሽ ቀነሰ።