የጭስ ምርመራ የወደቀ መኪና፦ ካታላይዘር ከመግዛትዎ በፊት ወረቀቱን ያንብቡ

የአንባቢያን ጥያቄና የባለሙያዎች መልስ

ጥያቄ፦ መኪናዬ ከ25 ዓመት በላይ ያገለገለች፣ ኢንጀክተር (ቤንዚን ወደ ሞተሩ የሚረጭ) እና ካታላይዘር (በጭስ ቱቦው ላይ ያለ የጭስ ማጽጃ) ያላት የቤንዚን መኪና ናት። የጭስ ምርመራ ወድቃለች። ወረቀቱ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር) ካርቦን ሞኖክሳይድ 3.6 በመቶ፣ ሃይድሮካርቦን (ሳይነድ የወጣ ቤንዚን) 410 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ)፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 12.4 በመቶ፣ ኦክስጅን 0.4 በመቶ፣ ላምዳ 0.90 ይላል። በደቂቃ 2,500 ዙር ላይም ብዙ አልተለወጠም። ካንዴላዎቹ አዲስ ናቸው። መካኒኩ «ካታላይዘሩ አልቋል፣ ይቀየር» አለኝ። ልግዛ?

መልስ፦ አሁን አይግዙ። ወረቀቱ የሚያሳየው ጥፋት ያለው ከካታላይዘሩ በፊት ነው። ላምዳ 0.90 ማለት ከሚገባው አየር ጋር ሲነጻጸር ቤንዚኑ በዝቷል ማለት ነው። ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ገደማ አየር ሲደርስ ላምዳ 1.00 ይሆናል። ካታላይዘር ካርቦን ሞኖክሳይድን የሚያቃጥለው በኦክስጅን ነው፤ 3.6 በመቶውን ለማጥፋት 1.8 በመቶ ኦክስጅን ያስፈልገዋል። ጭስዎ ውስጥ የቀረው ግን 0.4 ብቻ ነው። አዲስ ቢያስገጥሙ ቁጥሩ ቢበዛ በ0.8 ቢቀንስ ነው፤ መኪናዋ አሁንም ትወድቃለች፣ ትርፍ ቤንዚኑም አዲሱን ይጎዳዋል።

ፍለጋውን ወጪ ከሌለው ይጀምሩ። የአየር ፊልትሮውን አውጥተው ይዩት። ከዚያ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዘው ያሽቱ። ቤንዚን ቤንዚን የሚል ከሆነ ዘይቱ ውስጥ ነዳጅ ገብቷል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ያ ነዳጅ እየተነነ፣ የሞተሩን እንፋሎት ወደ አየር ማስገቢያው በሚመልሰው የትንፋሽ ቱቦ በኩል ተመልሶ ይቃጠላል። ለማረጋገጥ የጭስ መለኪያው ተሰክቶ ሳለ ቱቦውን ከቫልቭ ሽፋኑ ላይ ነቅለው ጫፉን በጣት ይድፈኑት። ካርቦን ሞኖክሳይዱ በ1 ነጥብና ከዚያ በላይ ከቀነሰ (ለምሳሌ ከ3.6 ወደ 2.6) ዘይትና የዘይት ፊልትሮ ይቀይሩ። ነዳጁ ወደ ዘይቱ የገባበት ምክንያት ግን አሁንም መፈለግ አለበት።

ቀጥሎ የነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያው ነው። በኢንጀክተሮቹ የነዳጅ መስመር ጫፍ ላይ ያለች፣ ቀጭን የጎማ ቱቦ የተሰካባት ክብ ቆርቆሮ ናት። ሞተሩ እየሠራ ቱቦዋን ይንቀሉ። ውስጧ ደረቅ መሆን አለበት፤ ከረጠበች ወይም ቤንዚን ከሸተተች የውስጡ ስስ ጎማ ተቀዷል፣ ቤንዚኑም በቱቦዋ በኩል በቀጥታ ወደ ሞተሩ እየተሳበ ነው። ባረጁ መኪኖች ላይ ደጋግሞ የሚያጋጥም ጥፋት ሲሆን ለማየት ግን አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የግፊት መለኪያ ካለ፣ በብዙዎቹ መኪኖች 2.5 እስከ 3 ባር ይነበባል፤ ቱቦዋ ስትነቀል በግማሽ ባር ገደማ ይጨምራል።

የሞተር ውሃ ሙቀት ሴንሰሩም ይለካ። ለኮምፒውተሩ የሚናገረውን ማለታችን ነው እንጂ ለዳሽቦርዱ ጌጅ የሚሠራውን አይደለም። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም፣ በ80 ዲግሪ ደግሞ 300 ኦም አካባቢ ያነባል። ሞተሩ ግሎ ሳለ አሁንም በሺህ የሚቆጠር ኦም ከሰጠ ኮምፒውተሩ «ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው» ብሎ ነዳጅ ይጨምራል። ቴርሞስታቱ (የሞተሩን ውሃ ዝውውር የሚቆጣጠረው ቫልቭ) ክፍት ሆኖ ከተያዘም ሞተሩ በደንብ ስለማይሞቅ ውጤቱ ያው ነው፤ ያኔ ሴንሰሩ ምንም አላጠፋም።

የኦክስጅን ሴንሰሩ (በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ለኮምፒውተሩ የሚናገረው) ላይ ቸኩሎ መፍረድ ብዙ ገንዘብ አባክኗል። ሞተሩ በደንብ ሞቆ በ2,500 ዙር ሲሠራ የሴንሰሩ ቮልቴጅ በ0.1 እና በ0.9 መካከል ቶሎ ቶሎ መመላለስ አለበት። የእርስዎ መኪና ላይ 0.8 ወይም 0.9 ላይ ቆሞ ከቀረ ሴንሰሩ ቤንዚን መብዛቱን በትክክል እየተናገረ ነው፤ አይንኩት፣ ጥፋቱ ከላይ ካየናቸው በአንዱ ነው ወይም ኢንጀክተር ያንጠባጥባል። በተቃራኒው ካርቦን ሞኖክሳይዱ 3.6 ሆኖ ሳለ ሴንሰሩ 0.1 ላይ ከተኛ «ቤንዚን አንሷል» ብሎ እየዋሸ ነው፤ ኮምፒውተሩም አምኖት ቤንዚን ይጨምራል። ያኔም ቢሆን ከመቀየርዎ በፊት በሴንሰሩና በሞተሩ መካከል ያለው የጭስ ቱቦ ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያ ማሸጊያ) አለመንፋቱን ያረጋግጡ፤ በዚያ ቀዳዳ የሚሳብ አየር ደህናውን ሴንሰር ያሳስተዋል።

ላምዳው በ0.97 እና በ1.03 መካከል ከገባ በኋላ ካርቦን ሞኖክሳይዱና ኦክስጅኑ ሁለቱም 1 በመቶ አካባቢ ሆነው፣ የጭስ ቱቦው የማይነፋና ሞተሩ የማይነጥብ (እሳቱ በየመሃሉ የማይጠፋ) ከሆነ፣ አሁን ካታላይዘሩን መክሰስ ይቻላል። ሁለቱ ጋዞች በውስጡ አብረው አልፈው አልተዋሃዱም ማለት ነውና።

ጥያቄ፦ የእኔ ባለ ካርቡራተር ነው፤ ካታላይዘር የለውም። በሚኒሞ ሃይድሮካርቦን 1,100 ፒፒኤም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ 0.4፣ ኦክስጅን 4.5 በመቶ ወጣ። ቤንዚን ለመቀነስ የሚኒሞውን ቪት ባጠብቀው ሃይድሮካርቦኑ ባሰ።

መልስ፦ ቤንዚኑ አንሶ እያለ ነው የቀነሱበት። ድብልቁ ሲሳሳ እሳቱ በየመሃሉ ይጠፋል፤ ሳይነድ የወጣው ቤንዚን ሃይድሮካርቦን ሆኖ ይቆጠራል። መጀመሪያ ቪቱን ወደነበረበት ይመልሱ። ከዚያ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ በካርቡራተሩ እግር፣ በአየር ማስገቢያው ጓርኒሲዮንና በፍሬን ሰርቮ (የፍሬን ማገዣ) ቱቦው ላይ ውሃ በመርጫ ጠርሙስ በትንሹ ይርጩ፤ ዲስትሪቢውተሩን (እሳት ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን) እና የካንዴላ ገመዶቹን እንዳይነካ ይጠንቀቁ። ድምፁ የተለወጠበት ቦታ አየር ይስባል። በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ወይም የካርቡራተር ማጽጃ አይርጩ፣ እሳት ያስነሳል።

ቀዳዳው ከተደፈነ በኋላ ቪቱን ዙሩ ከፍተኛ እስኪደርስ ያላሉት፣ ከዚያ 20 ወይም 30 ዙር እስኪወርድ ብቻ ያጥብቁት። በ2,500 ዙርም ሃይድሮካርቦኑ ካልወረደ ነገሩ የአየር አይደለም፤ የካንዴላ ገመዶችን፣ የዲስትሪቢውተሩን ክዳንና ፑንቲናውን (እሳቱን የሚቆርጠውን የውስጥ ኮንታክት)፣ በመጨረሻም የቫልቭ ክፍተቱን ይመርምሩ።

ጥያቄ፦ ጠዋት የወደቀው መኪናዬ ምንም ሳይነካ ከሰዓት አለፈ። እንዴት?

መልስ፦ ካታላይዘር 250 እስከ 300 ዲግሪ ሳይሞቅ ሥራ አይጀምርም። 20 ደቂቃ ያህል ነድተው ይድረሱ፤ ተራ ሲጠብቁም ሞተሩን አጥፍተው አያቀዝቅዙት። ረጅም ጊዜ በሚኒሞ ከቆመ፣ ከመለካቱ በፊት ለ2 ወይም ለ3 ደቂቃ በ2,500 ዙር ያቆዩት።