በዲፈረንሻል ሥራ ብቻ መተዳደር ይቻላልን?

ውድ ጠያቂያችን፣

በአውቶሞቲቭ ሙያ ደረጃ 4 እንዳጠናቀቁ፣ ልደታ አካባቢ ባለ ጋራዥ ጠቅላላ ጥገና እንደሚሠሩ፣ አሁን ግን ይህን ትተው የፈጣን መኪኖችን የኋላ ዲፈረንሻል (የሞተሩን ዙር ወደ ኋላ ጎማዎች የሚያስተላልፈውን ክፍል) ጥርስ በመቀየርና በማስተካከል ብቻ መተዳደር እንደሚፈልጉ ጽፈውልናል። ሙያውን አጥብቀው ይያዙት፤ ጋራዡን ግን ገና አይልቀቁ።

ፍላጎትዎ መሠረት አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። 41 ጥርስ ያለው ክራውን (ትልቁ ጥርሳም ቀለበት) እና 11 ጥርስ ያለው ፒኒየን (ክራውኑን የሚያዞረው ትንሹ) ወጥተው (41 ለ11 ሲካፈል 3.73) በምትካቸው 41 እና 10 (4.10) ቢገቡ፣ ጎማው ላይ የሚደርሰው ጉልበት 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ በአንጻሩ ሞተሩ በረጅም መንገድ ላይ ይበልጥ ይዞራል፣ ነዳጅም ይበላል። ይህን ለደንበኛው አስቀድሞ መንገር የእርስዎ ድርሻ ነው።

ባለሙያውን ከሌላው የሚለየው ልኬት ነው። የፒኒየኑ ጥልቀት የሚወሰነው በስስ ሽሞች (ከሥሩ በሚገቡ ስስ የብረት ቀለበቶች) ሲሆን፣ የኩሽኔታዎቹ ጥብቀት ደግሞ በአነስተኛ ቶርክ ሬንች (የማዞሪያ ኃይልን በሚለካ ቁልፍ) ይለካል። በኩሽኔታዎቹ መካከል የምትገባው ተጨማቂ ቱቦ አንዴ ከልክ በላይ ከተጨመቀች ዳዶውን ማላላት አያድናትም፤ በአዲስ መተካት አለባት። በጥርሶቹ መካከል የሚተወው ክፍተት በብዙ የቶዮታ አክስሎች ከ0.13 እስከ 0.18 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ፣ በእጅ ነቅንቆ «ደህና ነው» ማለት ሥራ አይባልም። በመጨረሻም ጥርሱ ቀለም ተቀብቶ ሲዞር፣ የንክኪው አሻራ ወደ ጥርሱ ሥር ካዘነበለ ፒኒየኑ ከመጠን በላይ ወደ ክራውኑ ቀርቧል፤ ወደ ጫፉ ካዘነበለ ርቋል ማለት ነው።

ገበያውን በተመለከተ ግን ልጠንቀቅልዎ። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ የፈጣን መኪና ደንበኛ በቀላሉ አይበዛም፤ አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪኖችም እንዲህ ያለ ማስተካከያ የሚጠይቅ ጥርስ የላቸውም። እንጀራዎ ያለው በሂሉክስና በአይሱዙ ላይ ነው። የሂሉክስ ዲፈረንሻል ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ስለሚስተካከል ለልምምድ እጅግ ምቹ ነው፤ በእርሱ የሚያገኙት የእጅ ልምድ ለፈጣኑም መኪና ያገለግልዎታል።

በመጀመሪያ ገንዘብዎ ማግኔት እግር ያለው ዳያል ጌጅ (ያንን በጥርሶቹ መካከል ያለ ክፍተት የሚለካ ባለ ቀስት መለኪያ) ይግዙ። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ዕቃ ሲገዙ ክራውኑን ከአንዱ፣ ፒኒየኑን ከሌላው አይውሰዱ፤ ጥንዱ በፋብሪካ አብሮ የተፋጨ ስለሆነ ተለያይቶ ሲገጠም ይጮኻል፣ ቶሎም ያልቃል። በእያንዳንዱ ሥራ የለኩትን ሁሉ በደብተር ይመዝግቡ፤ ለደንበኛውም በመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች በዝግታ እየነዳ፣ በየመሃሉም ቆሞ አክስሉን እንዲያቀዘቅዝ፣ ዘይቱንም በ800 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲቀይር ጽፈው ይስጡት። የተሠራው አክስል ለወራት ሳይጮኽ ከቆየ በኋላ ደብተሩን ይዘው ወደ ጋራዡ ባለቤት ይቅረቡና፣ የዲፈረንሻል ሥራ ሁሉ በእርስዎ እንዲያልፍ፣ ከደመወዝዎ በተጨማሪም ከእያንዳንዱ ሥራ ድርሻ እንዲታሰብልዎ ይጠይቁ።